ስትሮማቶፖሮይድን ከተራ ድንጋይ እንዴት እንለያለን? ዝርዝር መመሪያ

ጎትላንድ በባልቲክ ባሕር ላይ ያለች የስዊድን ደሴት ናት። ዳርቻዋ ላይ ግራጫ፣ ድቡልቡል ድንጋይ ሞልቷል። አንዳንዱ በመዳፍ ይያዛል፣ አንዳንዱን ሁለት ሰው አያነሳውም። ቀረብ ብላችሁ ስታዩት ስስ ስስ ንብብር አለው። ጭቃ ተደራርቦ የጠነከረ ይመስላል። አብዛኛው ሰው ረግጦት ያልፋል። ነገር ግን ጭቃ አይደለም። ከ430 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ሞቃት ባሕር ውስጥ የኖረ እንስሳ አጽም ነው።

ስትሮማቶፖሮይድ ይባላል። ስፖንጅም ይመስላል (ስፖንጅ ውሃ እያጣራ የሚኖር ቀላል የባሕር እንስሳ ነው)፣ ኮራልም ይመስላል። ዛሬ አብዛኛው ተመራማሪ ስፖንጅ ነው ብሎ ይስማማል፤ ከታቹ ጠንካራ የኖራ አጽም እየሠራ የሚያድግ ስፖንጅ። ከ460 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት፣ በኦርዶቪሺያን ዘመን ብቅ አለ። በሲሉሪያንና በዴቮኒያን ዘመን ደግሞ የሪፍ፣ ማለትም እንስሳት ባሕር ውስጥ የሚሠሩት የኖራ ክምር፣ ዋነኛ ገንቢ ሆነ። ከ359 ሚሊዮን ዓመት በፊት ዴቮኒያን ሲያበቃ እሱም አበቃ። ዳይኖሰሮች የመጡት ከዚያ በኋላ 120 ሚሊዮን ዓመት ያህል ቆይተው ነው።

100 ሚሊዮን ዓመት ባሕር ውስጥ ሲገነባ የኖረ ፍጥረት ነው እንግዲህ። ሆኖም ስሙን የሚያውቀው ሰው ጥቂት ነው። ሌሎቹን የጥንት የባሕር እንስሳት፣ ትሪሎባይትን ወይም አሞናይትን፣ ሕፃን ልጅም ይለየዋል፤ ቅርጹ ራሱ ይናገራል። ስትሮማቶፖሮይድ ግን ፊት የለው፣ ዓይን የለው፣ ዛጎል የለው። ማየት መማር ይፈልጋል። ይህን መመሪያ የጻፍኩት ለዚያ ነው።

ከዚህ ሁሉ አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ ብትሄዱ ይህን ያዙ፦ ስትሮማቶፖሮይድ በአንድ ፊቱ ብቻ አይታወቅም። ከጎንም ከላይም መታየት አለበት። ከታች የማወራው ሁሉ የሚያርፈው እዚህ ላይ ነው።

ምን ያስፈልጋል?

ዕቃው ብዙ አይደለም። አሥር ጊዜ የሚያጎላ የእጅ ማጉያ መነጽር ዋናው ነው። ከእሱ ሌላ ውሃ የሚረጭ ጠርሙስ፣ የጥርስ ብሩሽ፣ የብረት ምስማር፣ ማስመሪያ፣ ትንሽ አቼቶ፣ ማስታወሻ ደብተርና ስልካችሁ ይበቃሉ። ስልኩ በቅርብ ርቀት አጥርቶ የሚያነሳ ከሆነ እሰየው።

ቤት ወስዳችሁ ለመሥራት ካሰባችሁ የብርጭቆ ወረቀት ጨምሩ። 220፣ 400፣ 600 እና 1000 ቁጥር ይኑራችሁ። ወረቀቱ ውሃ የሚችል ዓይነት መሆን አለበት። ጠፍጣፋ መስታወትም ያስፈልጋል።

መዶሻ አልጠራሁም፤ ረስቼው አይደለም። ለመለየት መዶሻ አያስፈልግም። ጥሩ ጥሩዎቹ ቦታዎችም በመዶሻ መንካት ይከለክላሉ።

ደረጃ 1፦ ድንጋዩን ከማየት በፊት ዕድሜውን እዩ

ብዙ ድካም የሚቀንሰው ይህ ነው። የምትሄዱበትን ቦታ የጂኦሎጂ ካርታ ፈልጉ። ብዙ አገሮች ካርታቸውን በነጻ በኢንተርኔት ያስነብባሉ። ሁለት ጥያቄ ብቻ ጠይቁት። የኖራ ድንጋይ ነው? ዘመኑስ ከመካከለኛው ኦርዶቪሺያን እስከ ዴቮኒያን ባለው ውስጥ ይገባል? ሁለቱም መልስ አዎ ከሆነ ተስፋ አለ። አንዱ ካልተሟላ የምታዩት ነገር ሌላ ነው።

አገር ቤት ላለ አንባቢ ይህን በግልጽ ልናገር። በዚያ ዘመን የተቀመጠው የሰሜን ኢትዮጵያ ድንጋይ በዋናነት አሸዋና የበረዶ ግግር የተወው ደለል ነው። የትግራይን የእንጥጮ አሸዋ ድንጋይ አስቡ። ሞቃት የኖራ ባሕር እዚያ አልነበረም። ስለዚህ የጥንቱን ስትሮማቶፖሮይድ በእነዚህ ድንጋዮች ውስጥ መፈለግ ትርፉ ድካም ነው። በመቀሌ ዙሪያ ያለው የአንታሎ የኖራ ድንጋይ የባሕር ነው፣ ኮራልም አለበት። ዘመኑ ግን ጁራሲክ ነው፤ የእኛ እንስሳ ከጠፋ ከ190 ሚሊዮን ዓመት በላይ ቆይቶ የተቀመጠ። በጁራሲክ ባሕሮች አሠራራቸው የሚመሳሰል ሌሎች ስፖንጆች ስለነበሩ፣ አንታሎ ላይ ንብብርና ምሰሶ ያለው ነገር ካያችሁ «ስትሮማቶፖሮይድ መሰል» ብላችሁ ጻፉ።

ውጭ አገር ያላችሁ ግን ዕድለኞች ናችሁ። አሜሪካ ከሆናችሁ ከሉዊቪል ከተማ ወንዙን ተሻግሮ፣ ክላርክስቪል ኢንዲያና ላይ ፎልስ ኦቭ ዘ ኦሃዮ የሚባል የግዛት ፓርክ አለ። የዴቮኒያን ባሕር ወለል እንዳለ ተዘርግቶ ይታያል፤ ዕድሜው 390 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ነው። ወንዙ የሚጎድለው ከነሐሴ እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ ስለሆነ ያኔ ሂዱ። ቬርሞንት ውስጥ አይል ላ ሞት ደሴት ላይ ደግሞ የኦርዶቪሺያን ሪፍ አለ፤ ፊስክ በተባለው አሮጌ የድንጋይ ካባ ግድግዳ ላይ የመጀመሪያዎቹን ስትሮማቶፖሮይዶች ታያላችሁ። እንግሊዝ ያላችሁ ፕሊመዝ ከሄዳችሁ ከተማው ራሱ ሙዚየም ነው። የዴቮኒያን የኖራ ድንጋዩ በሕንጻውም በመንገዱም ላይ አለ። አውስትራሊያ ያላችሁ ዊንጃና ገደልን አትለፉት። እዚያ ከጥንቱ ሪፍ መሐል ወንዝ አቋርጦ ሲያልፍ የሪፉን ሆድ ከፍቶ አሳይቷል።

ደረጃ 2፦ ኖራ መሆኑን አረጋግጡ

በምስማር ጫር አድርጉት። የኖራ ድንጋይ ይጫራል፣ ነጭ ዱቄት ይወጣዋል። ዱቄቱ ላይ አቼቶ ጠብ አድርጉና በማጉያው እዩ። ጥቃቅን አረፋ ካወጣ ኖራ ነው። አቼቶ ደካማ አሲድ ስለሆነ ያልተጫረ ድንጋይ ላይ ብትጨምሩት ምንም ላይታይ ይችላል፤ ለዚህ ነው መጀመሪያ የሚጫረው።

ምስማሩ ካልጫረው፣ አረፋም ከሌለው፣ አጽሙ በሲሊካ (የአሸዋና የመስታወት ማዕድን) ተተክቶ ሊሆን ይችላል። ይህ ያጋጥማል። ሲሊካ የሆነ ቅሪተ አካል አንዳንዴ ቅርጹ እንዲያውም ደምቆ ይወጣል፤ በዙሪያው ያለው ኖራ በዝናብ ሲበላ እሱ ይቀራል። ስለዚህ አረፋ አጣሁ ብላችሁ አትጣሉት።

ይህን ሙከራ በተጠበቀ ቦታ ወይም በሰው ሕንጻ ላይ እንዳታደርጉት። እዚያ በዓይንና በውሃ ብቻ ሥሩ።

ደረጃ 3፦ አርጥቡት፣ ከዚያ ላዩን ከታቹ ለዩ

ደረቅ የኖራ ድንጋይ አቧራማና ግራጫ ነው፤ ምንም አያሳይም። ብሩሽ አድርጉበትና ውሃ እርጩ። ንብብሩ፣ ቀዳዳው፣ የቀለም ልዩነቱ ወዲያው ይወጣል። ውሃው ሲደርቅ ይጠፋል፣ እንደገና እርጩ።

አሁን የትኛው ወገን ወደ ላይ እንደነበር ፈልጉ። አብዛኛው ስትሮማቶፖሮይድ ከታች ጠፍጣፋ፣ ከላይ ጉብ ያለ ነው። ንብብሮቹም ወደ ላይ ይጎብጣሉ። ነገር ግን በጅምላ አትመኑት። ማዕበል እየነቀለ የገለበጠው ብዙ አለ። በጎትላንድ ምሥራቅ ኩፐን በተባለው ቦታ እርስ በርስ ተጠጋግተው የተከመሩ ስትሮማቶፖሮይዶች አሉ፤ ቆመው የቀሩም ተገልብጠው የቀሩም አንድ ላይ ይታያሉ። ጎባጣው ወደ ታች ከሆነ በዙሪያው ያሉትን ሌሎች እዩ። ጎረቤቶቹ ቀጥ ብለው እሱ ብቻ ከተገለበጠ ማዕበል ነው ያገኘው። ሁሉም ከተገለበጡ ወይ ኃይለኛ ማዕበል ነበረ፣ ወይ የድንጋዩ ንጣፍ ራሱ ተገልብጧል።

ደረጃ 4፦ የጎን ፊቱን አንብቡ

ወደ ዋናው ነገር መጣን። ድንጋዩ ከላይ ወደ ታች የተሰነጠቀበትን ወይም የተቆረጠበትን ፊት ፈልጉ። አርጥቡት። ማጉያውን ዓይናችሁ ላይ አስጠግታችሁ ያዙ፣ ከዚያ ድንጋዩን ወደ ማጉያው አቅርቡ። ብዙ ሰው ማጉያውን ድንጋዩ ላይ አድርጎ ራሱ ይርቃል፤ እንዲያ አይታይም።

መታየት ያለበት ይህ ነው። ግንባታው ያላለቀ ፎቅ ቤት ከጎን ስታዩ ሶሌታውና ኮለኑ ይታያል አይደል? ግድግዳ ገና ስለሌለው በሶሌታና በሶሌታ መካከል ክፍት ነው፣ ኮለኖቹ ደግሞ አንዱን ከሌላው ያያይዛሉ። ስትሮማቶፖሮይድም ከጎኑ ልክ እንዲሁ ነው። አግድም የሚሄዱ ስስ ወለሎች አሉ፤ ላሚና ይባላሉ። በእነሱ መካከል የሚቆሙ አጫጭር ምሰሶዎች አሉ። በምሰሶዎቹ መካከል ያለው ክፍት ቦታ ጋለሪ ይባላል፤ ዛሬ በነጭ የካልሳይት ክሪስታል ተሞልቶ ነው የምታገኙት። መጠኑ ግን ጥቃቅን ነው። በአንድ ሚሊሜትር ውስጥ ብዙ ጊዜ ሁለት፣ ሦስት፣ ከዚያም በላይ ላሚና አለ። በባዶ ዓይን የምታዩት ወፍራም ንብብር ላሚናው ራሱ አይደለም። ብዙ ላሚናዎች ተሰብስበው የሠሩት ነው፤ እንስሳው እድገቱን ቆም አድርጎ እንደገና ሲቀጥል የሚፈጠር። ባለሙያዎች ላቲላሚና ይሉታል።

ሁሉም ዓይነት ላሚናና ምሰሶውን እኩል አያሳይም። አንዳንዱ ምሰሶው ብዙ ላሚና አልፎ ረጅም ይወጣል። አንዳንዱ ምሰሶው ከአንድ ወለል እስከ ሚቀጥለው ብቻ ነው። አንዳንዱ ደግሞ ምሰሶው ተረስቶ የተደራረቡ ጥቃቅን ጉብታዎች ብቻ ይታያሉ። በጀመራችሁበት ቀን ይህን ሁሉ ለመለየት አትጨነቁ። አግድምና ቀጥ ያለ ነገር አንድ ላይ መኖሩን ብቻ አረጋግጡ።

አግድም ንብብር ብቻ ካያችሁ፣ ምሰሶ ፈጽሞ ካጣችሁ፣ እስካሁን አልተረጋገጠም። ምናልባት ስትሮማቶላይት ነው፤ ረቂቅ ተሕዋስያን ደለል እያጣበቁ የሠሩት ንብብር። ወይም ኖራ ያዘለ ውሃ ያስቀመጠው ንብብር ነው።

ደረጃ 5፦ የላይ ፊቱን አንብቡ

አሁን ድንጋዩን አዙሩት። ከላይ ስታዩት ኮለኖቹ በመቁረጫ እንደተቆረጡ ሆነው ይወጣሉ። ማለትም ነጠብጣብ ታያላችሁ። ነጠብጣቦቹ አንዳንዴ ተለያይተው፣ አንዳንዴ በቀጭን መስመር ተያይዘው መረብ ሠርተው ይገኛሉ። ከጎን ምሰሶ፣ ከላይ ነጠብጣብ። ሁለቱ ሲገጥሙ ልባችሁ ይሞላል።

ላዩ ያልተበላ ከሆነ ሌሎች ሁለት ምልክቶች ይጨመራሉ። አንደኛው ትንንሽ ጉብታ ነው፤ ማሜሎን ይባላል። ቁመቱ ጥቂት ሚሊሜትር ነው። ሁለተኛው የኮከብ ቅርጽ ያለው ቦይ ነው። ከአንድ ማዕከል ተነስተው ወደ ዙሪያው እየቀጠኑ፣ እየተከፈሉ የሚሄዱ ቦዮች ናቸው። አስትሮራይዛ ይባላል። ብዙ ጊዜ የሚገኘው ማሜሎኑ አናት ላይ ነው። ብርሃኑን ከጎን አድርጉት፤ ማለዳ ወይም ወደ ማታ ፀሐይ ጥሩ ነው። ከላይ የሚመታ ብርሃን ቦዩን ይደብቀዋል።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም የዚህን እንስሳ ማንነት የፈታው ይህ ኮከብ ነው። ጀርመናዊው ተመራማሪ ጎልድፉስ ስትሮማቶፖራ የሚለውን ስም ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1826 ነው። ከዚያ በኋላ ክርክሩ አላቆመም። ኮራል ነው ተባለ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ኒኮልሰን የተባለ ተመራማሪ የብሪታንያን ስትሮማቶፖሮይዶች አጥንቶ ከሃይድሮዞዋ ጋር መደባቸው፤ የጄሊፊሽ ዘመዶች ማለት ነው። ይህ አስተያየት ረጅም ጊዜ ገዛ። ኮከቡ ግን አልገባም። ለምን ቦይ ያስፈልገዋል?

መልሱ የመጣው ከጃማይካ ባሕር ነው። ጠላቂዎች ጨለማ በሆኑ የሪፍ ዋሻዎችና በጥልቁ የሪፍ ግድግዳ ላይ ጠንካራ የኖራ አጽም ያላቸው ሕያው ስፖንጆችን አገኙ። ተመራማሪዎቹ ሃርትማንና ጎሮ እ.ኤ.አ. በ1970 አጥንተው ጻፉባቸው። የእነዚህ ስፖንጆች አጽም ላይ ያው ኮከብ አለ። ስፖንጅ ውሃን በጥቃቅን ቀዳዳ ያስገባል፣ ምግቡን ያጣራል፣ ከዚያ የተጣራውን ውሃ በቦዮች ሰብስቦ በአንድ ትልቅ ቀዳዳ ያስወጣል። ኮከቡ የመውጫው ቦዮች አጽሙ ላይ የተዉት አሻራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1976 ተመራማሪው ካዝሚየርቻክ ስትሮማቶፖሮይድ እንስሳም አይደለም፣ ሳይኖባክቴሪያ (በብርሃን የሚኖር ባክቴሪያ) ነው የሚል ሐሳብ አንስቶ ነበር፤ ብዙ ተከታይ አላገኘም።

ስለዚህ ያንን ኮከብ ስታገኙ 400 ሚሊዮን ዓመት የሞላው የውሃ መውጫ ነው የምታዩት። በጣት ዳሰስ አድርጉት፤ ከተፈቀደ።

ደረጃ 6፦ አስመሳዮቹን አስወጡ

ከአንድ ሪፍ ውስጥ አብረውት የኖሩ ብዙ ናቸው። የሚያደናግሩት ዋና ዋናዎቹን ልጥቀስ።

ፋቮሳይትስ ታቡሌት ከሚባሉት ጥንታዊ ኮራሎች አንዱ ነው። ክብ ድንጋይ ስለሚሠራ ከሩቅ አንድ ናቸው። ከላይ ስታዩት ግን በባዶ ዓይን የሚታዩ፣ ጎናቸው የተጋጠመ ባለ ብዙ ማዕዘን ክፍሎች አሉት። የእያንዳንዱ ስፋት ብዙ ጊዜ ከ1 እስከ 3 ሚሊሜትር ነው። ከጎን ስታዩት ክፍሎቹ ቀጥ ያሉ ቱቦዎች ናቸው፤ በውስጣቸው አግድም ክዳኖች አሉ። ልዩነቱን በአንድ መስመር፦ ፋቮሳይትስ ቱቦው ይጎላል፣ ስትሮማቶፖሮይድ ወለሉ ይጎላል።

ሄክሳጎናሪያ ደግሞ ሩጎስ ከሚባሉት ጥንታዊ ኮራሎች አንዱ ነው። በአሜሪካ ሚሺጋን ግዛት የታወቀው ፔቶስኪ ድንጋይ እሱ ነው። እያንዳንዱ ክፍል ውስጥ ከማዕከል ወደ ጠርዝ የሚሄዱ መስመሮች አሉት። ከአስትሮራይዛ ጋር የሚያምታታው ሰው አለ። ግን እዚህ እያንዳንዱ ኮከብ በራሱ ግድግዳ ታጥሯል። የስትሮማቶፖሮይድ ኮከብ አጥር የለውም፤ ጫፉ ቀጥኖ ይጠፋል።

ኬቴቲድ ያስቸግራል። እሱም ኖራ የሚሠራ ስፖንጅ ነው፤ ቱቦዎቹም ከአንድ ሚሊሜትር በታች ናቸው። በማጉያ ጭምር ያደናግራል። ከላይ የተጋጠሙ ጥቃቅን ክፍሎች፣ ከጎን ደግሞ ቀጥ ያሉ ቀጫጭን ቱቦዎች ብቻ ካያችሁ ወደ እሱ አዘንብሉ።

አርኪዮሳያት የተለየ ታሪክ ነው፤ እንዳይቀላቀል ግን እዚህ ላንሳው። እሱም የጠፋ፣ ስፖንጅ መሰል ሪፍ ገንቢ ነው። ዘመኑ ግን ካምብሪያን ነው። ከ520 ሚሊዮን ዓመት በፊት አካባቢ ሳይቤሪያ ውስጥ በብዛት ይታያል፣ ከዚያ በዓለም ባሕሮች ተሰራጭቶ ከ510 ሚሊዮን ዓመት በፊት አካባቢ ከሞላ ጎደል ጠፋ። ስትሮማቶፖሮይድ የመጣው ከዚያ ከ50 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በኋላ ነው። ቅርጹ ጽዋ ነው። ጽዋው ሁለት ግድግዳ አለው፣ አንዱ በሌላው ውስጥ። አግድም ሲቆረጥ ሁለት ክብ፣ በክቦቹ መካከል ደግሞ የሚያገናኙ መስመሮች ይታያሉ። አንዴ ካያችሁት አትረሱትም። በደቡብ አውስትራሊያ ፍሊንደርስ ተራሮች፣ በላብራዶር፣ በኔቫዳ፣ በሞሮኮ አንቲ አትላስ ይገኛል። እ.ኤ.አ. ከ1907 እስከ 1909 የአሳሹ የሻክልተን ቡድን ከአንታርክቲካ ቢርድሞር ግግር ይዞት ከመጣው ድንጋይ ውስጥም ተገኝቷል። ያ በረዶ አንድ ጊዜ ሞቃት ባሕር ነበር ማለት ነው።

ደረጃ 7፦ ክብ ቀዳዳ ካያችሁ ቆም በሉ

አንዳንድ ስትሮማቶፖሮይድ ውስጥ በእኩል ርቀት የተበተኑ፣ ድንበራቸው ጥርት ያለ ክብ ቱቦዎች ታያላችሁ። ዲያሜትራቸው አንድ ሁለት ሚሊሜትር ነው። ከጎን ስታዩአቸው በላሚናዎቹ መካከል አልፈው ቀጥ ብለው ይወጣሉ። የስፖንጁ አካል አይደሉም። ሲሪንጎፖራ ወይም የእሱ ዘመድ የሆነ ኮራል ነው። ኮራሉና ስፖንጁ አብረው ነበር የሚያድጉት፤ አንዱ ወደ ላይ ሲወጣ ሌላው አብሮት ይወጣ ነበር። ኮራሉ መደገፊያ አገኘ። ስፖንጁ የተጎዳ አይመስልም።

ቱቦዎቹ እኩል ያልተበተኑ፣ ጠርዛቸው የተቦረቦረ፣ ላሚናውን ቆርጠው የገቡ ከሆኑ ግን ጎረቤት አይደሉም። ሌላ እንስሳ የቦረቦረው ጉድጓድ ነው። ላሚናው ቱቦው አጠገብ ሲደርስ ምን ይሆናል? ጎንበስ ወይም ቀና ብሎ ቱቦውን ከዞረው አብረው አድገዋል። በቢላ እንደተቆረጠ በድንገት ካቋረጠ ቦርቧሪ ነው።

ደረጃ 8፦ ቤት ውስጥ ማለስለስ

ይህ መውሰድ ከተፈቀደበት ቦታ ለመጣ ድንጋይ ብቻ ነው። እብነ በረድ የሚቆርጥ ቤት ወስዳችሁ ሁለት ቦታ አስቆርጡ፤ አንዱ ከላይ ወደ ታች፣ ሌላው አግድም። ማሽን ራሳችሁ የምትሠሩበት ከሆነ ውሃ ይኑረው፣ መነጽርና ጭምብል አድርጉ።

የብርጭቆ ወረቀቱን መስታወቱ ላይ አንጥፉ፣ ውሃ አፍስሱ፣ በ220 ጀምሩ። እጃችሁን ክብ እየሠራችሁ ፍተጉ። የመቁረጫው ጭረት ሙሉ በሙሉ እስኪጠፋ ወደሚቀጥለው ቁጥር አትለፉ። ቁጥር በቀየራችሁ ቁጥር ድንጋዩንም መስታወቱንም በደንብ እጠቡ። አንዲት የ220 ፍንጣሪ 1000 ላይ ከገባች ሥራውን ታበላሻለች። መጨረሻ ላይ አርጥባችሁ በጎን ብርሃን እዩት።

ከዚህ በላይ ለሚፈልግ የአሴቴት ግልባጭ አለ። የለሰለሰውን ፊት ለጥቂት ሰከንድ አቼቶ ወይም ቀጭን አሲድ ውስጥ አስገቡት፣ ሳትነኩት እጠቡና አድርቁት። ፊቱን ወደ ላይ አድርጋችሁ አሴቶን አፍስሱበት። ወዲያው ስስ የአሴቴት ፕላስቲክ ከአንድ ጠርዝ ጀምራችሁ፣ አየር ሳይገባ፣ አንከባላችሁ አልብሱት። ሲደርቅ ላጡት። የአጽሙ ቅርጽ ፕላስቲኩ ላይ ይቀራል፤ በሁለት መስታወት መካከል አድርጋችሁ በማይክሮስኮፕ ታዩታላችሁ። አሴቶን በቶሎ ይቀጣጠላል፤ ኩሽና ውስጥ እንዳትሠሩ፣ መስኮት ክፈቱ። ጠንካራ አሲድ የምታቀጥኑ ከሆነ ሁልጊዜ አሲዱ ነው ውሃው ላይ የሚጨመረው፣ ውሃው አሲዱ ላይ አይደለም።

የዝርያውን ስም ለማውጣት ባለሙያዎች 0.03 ሚሊሜትር እስኪሆን የተፋቀ ስስ ድንጋይ ይጠቀማሉ። በሁለቱም አቅጣጫ የተቆረጠ ያስፈልጋል፤ አንዱ ብቻ ካለ ብዙ ጊዜ ስም አይሰጡም። ያለ እሱ «ስትሮማቶፖሮይድ» ብሎ መተው ትክክለኛው ነገር ነው።

ደረጃ 9፦ ቅርጹን ለኩ

የሜዳ ሥራ ላይ የምወደው ክፍል ይህ ነው፤ ማስመሪያ ብቻ ይበቃል። ከጎን በተቆረጠው ፊት ላይ የታችኛውን ስፋትና የመሐሉን ቁመት ለኩ። ቁመቱን ለስፋቱ አካፍሉ። ከ0.1 በታች ከሆነ ምንጣፍ መሰል ነው። ከ0.1 እስከ 0.5 ዝቅ ያለ ጉልላት፣ ከ0.5 እስከ 1 ከፍ ያለ ጉልላት፣ ከ1 በላይ ደግሞ ረጅም ጉልላት ይባላል። ዘዴውን ከርሾና ራይዲንግ እ.ኤ.አ. በ1978 ያወጡት ነው፣ ዛሬም ይሠራበታል።

ከዚያ ጠርዙን እዩ። ለስላሳ ነው ወይስ ጥርስ ጥርስ ያለው? ጥርሱ ደለል እየገባበት፣ እንስሳው እየተሸፈነ፣ ከዚያ እንደገና እየተስፋፋ መኖሩን ይናገራል። እያንዳንዷ የደለል ጥርስ አንድ የተረፈበት ቀን ናት።

ቀጫጭን፣ እርሳስ የሚያህሉ ወይም ከዚያ የቀጠኑ በትሮች ተከምረው ካያችሁ አምፊፖራ ሊሆን ይችላል። እሱም ስትሮማቶፖሮይድ ነው፤ ብዙዎቹ በትሮች መሐላቸው ላይ አንድ ቦይ አላቸው። በዴቮኒያን ዘመን ከሪፉ ጀርባ ባለው ጸጥ ያለ ውሃ ውስጥ ነበር የሚበዛው። ስለዚህ አምፊፖራ ስታገኙ ክፍት ባሕሩ በሌላኛው ወገን ነበር ብላችሁ መገመት ትችላላችሁ። ለነዳጅ ፈላጊዎች ይህ ትልቅ ነገር ነው። ካናዳ አልበርታ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1947 ሌዱክ ላይ ነዳጅ ዘይት ከተገኘ በኋላ የአካባቢው የዴቮኒያን ሪፎች በብዛት ተቆፍረዋል፤ ከጉድጓድ በሚወጣ ቀጭን የድንጋይ ቁራጭ ላይ የሪፉን ፊትና ጀርባ መለየት የእነሱ የቀን ተቀን ሥራ ነው።

ደረጃ 10፦ መዝግቡ

ፎቶ ስታነሱ ማስመሪያ ይኑርበት። ሁለት ፎቶ አንሱ፤ የጎኑንና የላዩን። ሦስተኛ ደግሞ ከሩቅ፣ ድንጋዩ የተቀመጠበትን ንጣፍ የሚያሳይ። ፎቶው ላይ ወደ ላይ የነበረውን ወገን በቀስት አመልክቱ፤ በኋላ አታስታውሱትም። ማስታወሻችሁ ላይ ቀኑን፣ ቦታውን ከስልካችሁ የጂፒኤስ ቁጥር ጋር፣ የድንጋዩን ዘመን፣ ስፋትና ቁመቱን፣ የጠርዙን ዓይነት፣ ኮከብ መኖር አለመኖሩን ጻፉ። ቆሞ ነው ወይስ ተገልብጦ? እሱንም ጻፉ።

መውሰድን በተመለከተ፣ ፎልስ ኦቭ ዘ ኦሃዮ ላይ ከአለቱ ምንም ማንሳት ክልክል ነው። ጎትላንድም ብዙ ቦታዋ የተጠበቀ ስለሆነ መጀመሪያ ጠይቁ። ኢትዮጵያ ውስጥ ቅሪተ አካል ቅርስ ነው፤ ያለ ፈቃድ አይነሳም፣ ከአገርም አይወጣም። ያገኛችሁት ነገር ለየት ያለ ከመሰላችሁ ባለበት ትታችሁ፣ ሦስቱን ፎቶና ማስታወሻውን በአቅራቢያችሁ ላለ የዩኒቨርሲቲ የጂኦሎጂ ትምህርት ክፍል ላኩ። የጎኑ ፎቶ ከላዩ ፎቶ ጋር ካልሄደ መልስ እንዳትጠብቁ።